ዊንች ስትመርጡ ከጭቃው ጀምሩ

እንደምን አደራችሁ።

ኦፕሬተሮች፣ መካኒኮች፣ ግዥ ላይ የምትሠሩ፣ ሳይት የምታስተዳድሩ፣ ሁላችሁንም አንድ አዳራሽ ውስጥ ሳያችሁ ደስ ብሎኛል። የዊንች ግዥ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እነዚህ ሰዎች ሳይነጋገሩ ስለሚወስኑ ነው። ገዢው ካታሎጉን ያያል። ጭቃውን የሚያውቀው ኦፕሬተሩ ነው። መካኒኩ ደግሞ ዕቃው ተጭኖ ግቢ ሲገባ ነው የሚሰማው።

ዛሬ የማወራው ከባለ ሰንሰለት ዶዘር ኋላ ስለሚገጠም የሃይድሮሊክ መጎተቻ ዊንች ነው፤ በዘይት ግፊት እየዞረ የብረት ገመድ ጠምጥሞ የሚጎትተው ማለቴ ነው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ምርጫችሁን ከካታሎጉ ሳይሆን ከጭቃው ጀምሩ።

ካታሎግ ስትከፍቱ መጀመሪያ ዓይናችሁ ውስጥ የሚገባው በትልቁ የተጻፈ ቶን ነው። 40 ቶን ይላል እንበል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን የመጀመሪያው ድርብ ቁጥር ነው። ገመዱ ሁሉ ተለቅቆ፣ በሚጠመጠምበት ድራም ላይ አንድ ድርብ፣ ማለትም አንድ ንብርብር ገመድ ብቻ ሲቀር የሚገኝ ጉልበት ማለት ነው። ገመዱ እየተጠመጠመ ድራሙ በወፈረ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል።

አብረን እናስላው። የድራሙ ውፍረት 250 ሚሊ ሜትር፣ ገመዱ 22 ሚሊ ሜትር ይሁን። በመጀመሪያው ድርብ ላይ ከድራሙ መሐል እስከ ገመዱ መሐል 136 ሚሊ ሜትር ነው። በአራተኛው ድርብ ላይ 202 ይሆናል። ድራሙን የሚያዞረው ኃይል ያው ነው፤ ክንዱ ግን ረዘመ። ስለዚህ 40 ቶን የተባለው አራተኛው ድርብ ላይ ወደ 27 ቶን ይወርዳል። አንድ ሦስተኛው ጠፋ ማለት ነው። በምትኩ የገመዱ ፍጥነት በግማሽ ያህል ይጨምራል።

አሁን ደግሞ ድራሙ 300 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው እንበል። የመጀመሪያው ድርብ 13 ዙር ያህል ይይዛል። በርዝመት 11 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ላይ የተወሰኑ ዙሮች መቼም አይለቀቁም፤ የገመዱን ጫፍ ድራሙ ላይ የሚያጸኑት እነሱ ናቸው። አምስት ዙር ብናስቀር የምንጠቀምበት ከ7 ሜትር አይበልጥም። በዚያ ትልቅ ቁጥር የምትጎትቱት ይህችን 7 ሜትር ብቻ ነው። እሷም የምትገኘው የተቀረቀረው መኪና ሩቅ ሳለ ነው። እየቀረበ ሲመጣ ዊንቹ እየደከመ ይሄዳል።

ስለዚህ ሻጩን ስታናግሩ፣ «ሙሉ ድራም ላይ ስንት ይጎትታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ አምራች የእያንዳንዱን ድርብ ጉልበትና ፍጥነት የያዘ ሠንጠረዥ አለው። ሠንጠረዡን አላሳይም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እኔ ብሆን ሌላ ሻጭ እፈልጋለሁ። ገመዱንም ከሚያስፈልጋችሁ በላይ አታርዝሙት። ትርፍ ገመድ ድርብ ይጨምራል፤ ድርብ ደግሞ ጉልበት ይበላል።

ወደ ጭቃው እንምጣ።

የተቀረቀረ ተሽከርካሪን የሚያወጡ ሰዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ግምት አለ። ጭቃው ጎማውን ወይም ሰንሰለቱን ከያዘ፣ ለማውጣት የተሽከርካሪውን ክብደት ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። ከጎማው በላይ እስካለው መከላከያ ከሰመጠ ሁለት እጥፍ። ሾፌሩ እስከሚቀመጥበት ከሰመጠ ሦስት እጥፍ። ጭቃ ክብደትን ብቻ አይዝም፤ ይመጥጣል። ኦፕሬተር የሆናችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ቢሮ የምትቀመጡ ግን 15 ቶን መኪና ለማውጣት 15 ቶን ዊንች ይበቃል ብላችሁ እንዳትፈርሙ።

ያ 15 ቶን መኪና እስከ መከላከያው ሰምጧል። 30 ቶን ጉልበት ይፈልጋል። አሁን የካታሎጉ 40 ቶን ያጓጓል። ቆይ ግን፣ ገመዱስ?

ጥሩ ደረጃ ያለው፣ እምብርቱ ብረት የሆነ 22 ሚሊ ሜትር ገመድ የሚበጠሰው 36 ቶን አካባቢ ላይ ነው። ይህም አዲስና ጤነኛ ሲሆን ነው። ዊንቹ 40 ይጎትታል፤ ገመዱ 36 ላይ ይበጠሳል። ዊንቹ የራሱን ገመድ መበጠስ ይችላል ማለት ነው! ይህ ለዶዘር ዊንች እንግዳ ነገር አይደለም። 30 ቶኑን በቀጥታ ብትጎትቱት ገመዱ የመበጠሻውን ከስድስት አምስት እጅ ተሸክሟል። እኔ ከግማሽ በላይ ሲጫን ማየት አልፈልግም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት አንድ ሳይት ላይ ገመድ ሲበጠስ ቆሜ አይቻለሁ። ድምፁ የተኩስ ያህል ነበር። ገመዱ ወደ ዶዘሩ ተወርውሮ ተመለሰና የካቢኑን የኋላ መከላከያ ሽቦ መታው። ሽቦው ወደ ውስጥ ጎበጠ። ኦፕሬተሩ ውስጥ ነበር። ወጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ለረጅም ሰዓት ቃል አልወጣውም። ያ የብረት መረብ በዊንቹ ግዥ ላይ «ለጊዜው ይቆይ» ተብሎ ሊሰረዝ ተቃርቦ ነበር። አሁንም ሳስበው ሰውነቴን ይነዝረኛል። እባካችሁ፣ ዊንች ስታዙ የኋላ መከላከያውን አብራችሁ እዘዙ። ገንዘብ ካነሰ ከዊንቹ ቶን ቀንሱ እንጂ ከመረቡ አትቀንሱ። ጉተታው ሲጀመር ደግሞ ማንም ሰው በገመዱ መስመር ላይ አይቁም፤ ከጎኑም ገመዱ ከተለቀቀበት ርዝመት በላይ ራቅ ይበል።

ታዲያ 30 ቶኑን እንዴት እናወጣዋለን? በፑሊ፣ ገመድ በሚዞርበት ጎድጓዳ መንኮራኩር።

ፑሊውን የሰመጠው መኪና ላይ እሰሩት። ገመዱን በፑሊው አዙራችሁ ጫፉን በዶዘሩ በኩል ያለ ሌላ ጠንካራ ነገር ላይ እሰሩ። አሁን በገመዱ ላይ የሚመጣው 15 ቶንና የፑሊው ሰበቃ ነው። ለሰበቃው አንድ አስረኛ ብንጨምር 17 ቶን አካባቢ ይሆናል። የገመዱ መበጠሻ ግማሽ 18 ነው። ገባን! ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ግን ከጭቃ ውስጥ መኪና የሚያወጣ ሰው ምን አስቸኮለው? ሌላም ጥቅም አለ። ገመዱ ሄዶ ስለሚመለስ ከድራሙ ላይ ብዙ ይለቀቃል፤ ድርቡ ይቀንሳል፤ ዊንቹ ራሱ ይበረታል።

የገመዱን ጫፍ መልሳችሁ ዶዘሩ ላይ እንዳታስሩት ግን አደራ። ያኔ ሁለቱም የገመድ ክንዶች ዶዘሩን ይጎትቱታል፤ በዶዘሩ ላይ ያለው ሸክም ተመልሶ 30 ቶን ይሆናል።

የዶዘሩ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። 20 ቶን የሚመዝን ዶዘር በጠንካራ አፈር ላይ የክብደቱን 0.9 ያህል ይቆነጥጣል፤ 18 ቶን ማለት ነው። በተፈታ አፈር 0.6፣ 12 ቶን ይሆናል። በደረቅ አሸዋ ላይ 0.3 ብቻ ነው፤ 6 ቶን። ከዚያ በላይ ብትጎትቱ ዶዘሩ ራሱ እየተንሸራተተ ወደ ጭቃው ይሄዳል። ስለዚህ 20 ቶን ዶዘር ላይ 40 ቶን ዊንች ገጥማችሁ አሸዋ ላይ ብትቆሙ፣ የገዛችሁት ጉልበት አብዛኛው ሥራ ላይ አይውልም። ሰንሰለቱን ከአፈር ቁልል ጋር ማስደገፍ፣ ወይም የዶዘሩን ፊት ከሌላ ማሽን ጋር ማሰር ያግዛል። በእኛ ምሳሌ ግን 17 ቶን በጠንካራ አፈር ላይ ያለ ምንም ደገፋ ይያዛል። አያችሁ? ዊንቹ፣ ገመዱና ዶዘሩ ሲመጣጠኑ ሥራው ይቀላል። በሙሉ ድራም 20 ቶን የሚጎትት ዊንችና አንድ ጥሩ ፑሊ፣ ከዚያ ከሚያጓጓው 40 የተሻለ ሠሩ።

ለምን ሃይድሮሊክ? ይህን ሁሌ እጠየቃለሁ።

በዶዘሩ ካምቢዮ በኩል በሻፍት የሚዞረው ሜካኒካል ዊንች መጥፎ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ግንድ ለሚጎትት ሰው ዛሬም እመክረዋለሁ። ጠንካራ ነው፤ ጥገናውም የታወቀ ነው። ሃይድሮሊኩ የሚበልጠው በቀስታ ሥራ ነው። ገመዱን በጣት ስፋት ልክ መሳብና መልቀቅ ይቻላል። ፍጥነቱ ከማርሽ ጋር አልተሳሰረም። ከሁሉ በላይ የግፊት ቫልቩ ተስተካክሎ የጉተታው ጣሪያ ይወሰናል። ገመዱን የሚያድነው ይህ ቫልቭ ነው። ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ሌላ ማሽን ይዞ ማውረድና ማውጣት ሥራችሁ ከሆነ፣ ሃይድሮሊክ ውሰዱ፤ እዚህ ላይ አላመነታም። ዶዘሩ ራሱ በሃይድሮሊክ የሚነዳ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ኋላው ላይ የሚዞር ሻፍት ላይኖር ይችላል፤ ያኔ ጥያቄው ራሱ ይቀራል።

ነገር ግን ሃይድሮሊክ ዊንች ከዶዘሩ ፓምፕ የበለጠ አይሠራም። ሒሳቡ ቀላል ነው። በደቂቃ የሚፈሰውን ሊትር በግፊቱ ባር አባዙና ለ600 አካፍሉ፤ ኪሎ ዋት ይወጣል። 150 ሊትር በ280 ባር 70 ኪሎ ዋት ነው። በመንገድ የሚጠፋውን 15 በመቶ ብንቀንስ 60 አካባቢ ይቀራል። ይህ 20 ቶንን በደቂቃ 18 ሜትር ያህል ይስባል። የእናንተ ዶዘር ለዊንች የሚሰጠው 80 ሊትር ብቻ ከሆነ፣ ያው ዊንች በደቂቃ ወደ 10 ሜትር ይወርዳል። ካታሎጉ ላይ የተጻፈው ፍጥነት የተለካው በስንት ሊትር እንደሆነ ሳታዩ አትግዙ።

ዘይቱ ይሞቃል። ዊንቹ ጭነት ላይ ቆሞ ግፊት ቫልቩ እያፏጨ ከቀጠለ፣ ያ 70 ኪሎ ዋት ሁሉ ሙቀት ይሆናል። ፓምፑ በዚህ ጊዜ ፍሰቱን ራሱ የሚቀንስ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። ካልሆነ የዘይት ራዲያተሩ ለተጨማሪው ሙቀት መብቃቱ ይታይ።

መካኒኮች፣ ይህችን በተለይ ለእናንተ። አንድ ጊዜ አዲስ ዊንች ተገጥሞ በሁለተኛው ሳምንት፣ ድራሙን የሚያዞረው የዘይት ሞተር ፓራኦሊ፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው ጎማ፣ ወጥቶ ዘይቱ ፈሰሰ። ሁላችንም ዊንቹን ረገምን። ፓራኦሊውን ቀየርነው፤ እንደገና ፈነዳ። በመጨረሻ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ተከተልን። የገጠሙት ሰዎች ከሞተሩ ቤት ወደ ታንከር በቀጥታ መሄድ ያለበትን ቀጭን የማፍሰሻ ቱቦ ከዋናው መመለሻ ቱቦ ጋር ቀጥለውታል። ጥቂት ሜትር ቱቦ ለመቆጠብ ነበር። የመመለሻው ግፊት ወደ ሞተሩ ቤት ገብቶ ፓራኦሊውን እየገፋ ያወጣዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ይኸው ነው። ያ ቱቦ ለብቻው ታንከር ይግባ። ፊልትሮውም ዊንቹ ከተገጠመ በኋላ ቶሎ ይቀየር፤ አዲስ ቱቦ ውስጥ ብናኝ አይጠፋም።

ፍሬኑ በስፕሪንግ የሚይዝ፣ በዘይት ግፊት የሚለቅ ይሁን። ሞተር ቢጠፋ፣ ቱቦ ቢፈነዳ፣ ፍሬኑ ራሱ መያዝ አለበት። ድራሙን ነጻ የሚያደርገው መቆጣጠሪያ ደግሞ በአጋጣሚ እጅ ቢነካው የማይንቀሳቀስ መሆን አለበት።

ጥቂት ነገር ቀረኝ። ወደ ጎን የምትጎትቱ ከሆነ ገመዱን የሚመሩትን ሮለሮች አትርሱ፤ ያለ እነሱ ገመዱ የድራሙን ጠርዝ እየበላ ራሱም ያልቃል። ዊንች በሚገጠምበት ቦታ ሪፐር፣ ድንጋይ የሚሰነጥቀው የኋላ ጥርስ፣ አይኖርም፤ ስለዚህ ድንጋይ መስበሪያ ዶዘራችሁ አንድ ብቻ ከሆነ ዊንቹን ሌላ ዶዘር ላይ ግጠሙ። መለዋወጫው ቶሎ የማይገኝ ዊንች ደግሞ በነጻ ቢሰጣችሁም ውድ ነው።

አሁን ወደ ግቢው እንውጣ። ዊንች የተገጠመለት ዶዘር ቆሟል፤ ሞተሩ ጠፍቷል፤ ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ሜትርና ጓንት ይዣለሁ። ድራሙን እንለካለን፣ ድርቦቹን እንቆጥራለን፣ ያችን ቀጭን ቱቦ እስከ ታንከሩ እንከተላታለን። ግዥ ላይ የምትሠሩ ከፊት ቁሙልኝ።