ሬይ ዩሪ፦ ሳይንደረደር ስምንት ወርቅ

(ምስል፦ የዩሪ ፎቶ፣ ቀጥሎ መነሻ መስመር ላይ የቆሙ ሁለት እግሮች)

ተራኪ፦ አሜሪካዊው ሬይ ዩሪ በኦሎምፒክ ስምንት ወርቅ ወስዷል፤ አንዱንም ተንደርድሮ አላገኘውም። ከፍታውም፣ ርዝመቱም፣ ስሉስ ዝላዩም ከቆሙበት የሚዘለሉ ነበሩ። ዛሬ ከኦሎምፒክ ስለወጡ ብዙ ሰው ቀላል ይመስሉታል። ስህተት ነው።

የፓሪስን የ1900 ውጤት እንይ። ኧርቪንግ ባክስተር ጁላይ 15 ቀን ተንደርድሮ 1.90 ሜትር በመዝለል ከፍታ ዝላይን አሸነፈ። በማግስቱ ያው ሰው ከቆመበት ሲዘል 1.52 ላይ ቀረ። መንደርደሪያ ሲቀር 38 ሳንቲ ሜትር አብሮ ሄደ ማለት ነው! ዩሪ በዚያ ዕለት 1.65 ዘለለ። ሌሎቹን ሁለት ዝላዮችም በዚያው ቀን አሸነፈ፤ ባክስተር በሦስቱም ሁለተኛ ወጣ።

(ምስል፦ የላፋየት ከተማ፣ ኢንዲያና)

ዩሪ የተወለደው በ1873 ነው። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ የልጅነት ልምሻ ያዘው። እግሩን ለማጠንከር የጀመረው እንቅስቃሴ ነው ወደ ዝላይ የወሰደው። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ተምሮ ኒውዮርክ ውስጥ በሙያው ሠርቷል።

(ምስል፦ የርዝመት ዝላዩ ቀስ ብሎ ሲታይ)

አሁን ርዝመቱን በዝግታ እንየው። ሁለቱ እግሮች መስመሩ ላይ ናቸው። ክንዶች ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ ጉልበት ይታጠፋል፣ ከዚያ ክንዶቹ ወደ ፊት ሲወረወሩ ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ተከታትለው ይዘረጋሉ። ክንዱ ከዘገየ የእግሩ ኃይል ብቻውን ይቀራል። ጉልበት ከመጠን በላይ ከታጠፈም ቀና ማለቱ ራሱ ጊዜ ይበላል። ተረከዝና ጣት እያፈራረቁ መወዛወዝ ይፈቀድ ነበር፤ እግር መሬት ለቆ ተመልሶ ከረገጠ ግን ሙከራው ይበላሻል። ሲያርፉ ወደ ኋላ ወድቆ በእጅ መደገፍም ያስከፍላል፤ የሚለካው ለመስመሩ ከሚቀርበው አሻራ ነውና።

ዩሪ በ1904 ሴንት ሉዊስ ላይ 3.47 ሜትር ዘለለ፤ በድጋሚ ሦስት ወርቅ። ከዚያ በኋላ ስሉሱ ቀረ። በ1908 ለንደን ላይ፣ በ34 ዓመቱ፣ ከፍታውን በ1.57፣ ርዝመቱን በ3.33 አሸነፈ። አንዳንድ ጽሑፎች አሥር ወርቅ የሚሉት የ1906ቱን የአቴንስ ውድድር ሁለት ድሎች ደምረው ነው፤ ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ እነሱን አይቆጥርም።

የቀሩት ሁለት ዝላዮች ከ1912 በኋላ ከኦሎምፒክ ወጡ። ዩሪ በ1937 አረፈ። የሴንት ሉዊሱ 3.47 ግን የርዝመቱ ውድድር ከመዝገብ እስኪወጣ ድረስ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ቆየ።