ሁለት ደቂቃ ለመቆም

የተከበራችሁ የቤተ እስራኤል ቄሶቻችን፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

ነገ ማታ በእስራኤል ለወደቁት ወታደሮች የመታሰቢያው ቀን ይገባል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ጽፊራው፣ የማስጠንቀቂያው ሳይረን፣ ለአንድ ደቂቃ ይጮሃል። በማግስቱ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ለሁለት ደቂቃ ይደግማል። አገሩ ቀጥ ይላል። የማይቆሙ ሃይማኖተኞችም አሉ። በየዓመቱ ቪዲዮአቸው ከስልክ ስልክ ይዞራል፤ ስድቡም አብሮት። ያ ስድብ በዚህ ቤት እንዳይሰማ ልለምናችሁ ነው የቆምኩት።

ምክንያት አላቸው። ዝም ብሎ መቆም ከሌላ ሕዝብ የመጣ ሥርዓት ነው ይላሉ፤ ዘሌዋውያን 18፥3 በሥርዓታቸው አትሂዱ ይላልና። ለሞተ ሰው ቃዲሽ የተባለው ጸሎት ይባላል፣ ዳዊት ይደገማል፣ የረቢዎቹ የሕግ መጽሐፍ ሚሽና ይጠናል፣ ምጽዋት ይሰጣል።

ከመታሰቢያው ቀጥሎ የሚገባው የነጻነት ቀን ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ቀኑ በአይሁድ አቆጣጠር ኢያር 5 ነው፤ ይህም ከፋሲካ የሚጀምረው የዖሜር ቆጠራ 20ኛ ቀን ነው። በብዙዎች ልማድ ከፋሲካ እስከ 33ኛው ቀን ለሞቱት የጥንቱ መምህር የረቢ ዓቂባ ደቀ መዛሙርት ሐዘን ይያዛል፤ ሠርግ የለም፣ ፀጉር አይቆረጥም፣ ሙዚቃ አይሰማም። አባቶቻችን ይህን ሐዘን አያውቁትም ነበር፤ እዚህ መጥተን ነው የተማርነው። ለያዘው ሰው ግን ርችትና ጭፈራው ለቅሶ ቤት ከበሮ እንደመምታት ነው።

ቅሬታ ሲሰማ የሚቃናም አለ። የነጻነት ቀን ዓርብ ወይም ቅዳሜ ሲውል ወደ ሐሙስ ይመለሳል። ሰኞ ሲውል ግን የመታሰቢያው ምሽት ቅዳሜ ማታ ይገባና ለዝግጅቱ ሰንበት ይሻር ነበር። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ማክሰኞ ይሸጋገራል።

ይህ ቅሬታ ለእኛስ ባዕድ ነው? የጾምና የጸሎት በዓላችን ስግድ በ2008 እ.ኤ.አ. በሕግ የመንግሥት በዓል ሆነ፤ ደስ ብሎናል። በዓሉ በሚውልበት ኅሽቫን 29 ቀን ግን ቄሶቻችን በጃንጥላ ሥር ኦሪቱን ይዘው፣ ሕዝቡ ጾሙን ሳይፈታ፣ ድምፅ ማጉያው ለባለሥልጣን ንግግር ሲሰጥ ምን ተሰማችሁ? ያን ቀን የተቆጣ ቄስ አገሩን ጠላ? ታዲያ ሌላው ሲቆጣ ከሃዲ የምንለው በምን አንደበት ነው?

እምቢ ያሉትም ይስሙኝ። የወደቀው ልጅ የመንግሥት ጌጥ አይደለም። ልጇን የቀበረች እናት ቆማ እያለቀሰች በፊቷ እየተንጎራደዱ ማለፍ በየትኛው ኦሪት ተጽፏል?

ረቢ ዮሴፍ ሽሎሞ ካሃነማን በሊትዌኒያ የነበረው የሺቫቸው፣ የኦሪት ትምህርት ቤታቸው፣ በናዚዎች ጠፋባቸው፤ ከቤተሰባቸውም ከተማሪዎቻቸውም ብዙው አለቀ። በ1944 እ.ኤ.አ. እዚህ አገር ብኔ ብራቅ ከተማ ላይ የፖኔቬዥን የሺቫ እንደገና ተከሉ። ቤቱ የጽዮናውያን፣ ማለት የአይሁድ መንግሥት ዓላማ ደጋፊዎች፣ ቤት አይደለም፤ ተማሪው የነጻነት ቀንን በዓል ብሎ አይይዝም። ሆኖም በዚያ ቀን ሰማያዊና ነጩ ሰንደቅ ጣራው ላይ እንዲሰቀል አደረጉ። እሳቸው በ1969 ካረፉ በኋላም ልማዱ ቀጠለ፤ በዓመት አንድ ቀን ይወጣል፣ ይወርዳል። በዓሉንም አልተቀበሉ፣ ሰንደቁንም አላዋረዱ። ሰው እንዲህም መቃወም ይችላል!

ስለ ብሔራዊ መዝሙሩ ስለ ሐቲክቫ ብዙ አልልም፤ የፈጣሪ ስም አይጠራበትም፣ ቅሬታውም ይኸው ነው። ሃሌል የተባለው ምስጋናም፣ በዕብራይስጡ ቁጥር ከ113 እስከ 118 ያለው ዳዊት፣ በነጻነት ቀን በቡራኬ ይባል ወይስ ያለ ቡራኬ በሚለው ረቢዎቹ አልተስማሙም፤ ዋና ረቢ የነበሩት ራቭ ኦቫድያ ዮሴፍ ያለ ቡራኬ ብለዋል።

ለነገ በር ላይ ወረቀት አለላችሁ። በዕብራይስጡ መዝሙር 130፣ በግዕዙ ዳዊት 129 ነው፤ 8 ቁጥር ብቻ፣ በዝግታ ቢነበብም ከሁለት ደቂቃ አያልፍም። በዝምታ መቆም የከበደው ጽፊራው ሲጀምር ይነሣና ይህን ይድገም። ያዘኑት እናቶች በፊተኛው ወንበር ይቀመጣሉ፤ ቦታውን ልቀቁላቸው።