ከሱቁ የተበደረው ባለሱቅ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሱቅ፣ የምግብ ቤት፣ የልብስ ስፌትና የሌሎች አነስተኛ ሥራዎች ባለቤቶች፤

የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ጥቂት ቀናት በቀሩበት በዚህ የሰኔ ሰሞን፣ ሥራችሁን ለሰው አደራ ሰጥታችሁ ስለ ዕዳና ስለ ሂሳብ አያያዝ ለመነጋገር በመምጣታችሁ አመሰግናለሁ። እኔ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬም የአነስተኛ ነጋዴዎችን ደብተር ማገላበጥ ነው። በዚህ ሥራ ደጋግሜ የማየው፣ ንግድን የሚያዳክመው ዕዳ ብዙውን ጊዜ ከባንክ ወይም ከማይክሮፋይናንስ ተቋም የተወሰደው ሳይሆን፣ ባለቤቱ ራሱ ከሱቁ ወስዶ ያልጻፈው መሆኑን ነው።

የዱቤ ደብተር የሌለው ሱቅ ማግኘት ያስቸግራል። «ዛሬ በጥሬ፣ ነገ በዱቤ» የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ የለጠፈው ባለሱቅ እንኳ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ደብተር አለው። ጎረቤት ሁለት ኪሎ ስኳር ሲወስድ ስሙና ቀኑ ወዲያውኑ ይጻፋል። ባለቤቱ ግን ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ዘይትና ሳሙና ይዞ ይሄዳል፤ ጠዋት ለልጆቹ የትራንስፖርት ገንዘብ ከመሳቢያው ያነሳል፤ የዕድር መዋጮውንም፣ የለቅሶውንም፣ የሠርግ ስጦታውንም ከዚያው ይከፍላል፤ ይህ ሁሉ ግን የትም አይጻፍም። ምክንያቱን ስንጠይቀው «የራሴ አይደል?» ይለናል። እውነት ነው፣ የራሱ ነው። ነገር ግን በቀን 200 ብር ብቻ በዚህ መንገድ ቢወጣ፣ በዓመት 73,000 ብር ይሆናል። ከጎረቤቶቹ አንዱ ይህን ያህል ዱቤ ቢቆልልበት ሽማግሌ ይልክበት ነበር።

ስለዚህ በቅድሚያ የምመክራችሁ ለራሳችሁ ደመወዝ እንድትቆርጡ ነው። መጠኑ ሱቁ የሚችለው ይሁን፤ በወር አንድ ጊዜ ወይም በየሳምንቱ ይከፈል፤ ሲከፈልም እንደ ማንኛውም ወጪ ይመዝገብ። ከዚያ በላይ የተወሰደው ሁሉ፣ ዕቃም ይሁን ገንዘብ፣ በዱቤ ደብተሩ ላይ በራሳችሁ ስም ይጻፍ። ዕቃው የሚጻፈው በመሸጫው ሳይሆን በተገዛበት ዋጋ ቢሆን ይበቃል፤ ከራሳችሁ ማትረፍ አይጠበቅባችሁም። ባልና ሚስት አብረው የሚሠሩበት ሱቅ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም በአንድ ደብተር ላይ ቢጽፉ፣ «ገንዘቡ የት ገባ?» የሚለው የማታ ጭቅጭቅ ሲቀንስ አይቻለሁ።

ዕቁብንም በዚሁ ዓይን እንድታዩት እፈልጋለሁ። ሃምሳ አባላት ያሉት፣ በሳምንት 2,000 ብር የሚጣልበት ዕቁብ በአምስተኛው ሳምንት የደረሰው ሰው 100,000 ብር ይቀበላል። እስከዚያ ቀን የጣለው ግን 10,000 ብር ብቻ ስለሆነ፣ የቀረው 90,000 ብር ወለድ የሌለው ብድር ነው። ዕቁብ የደረሰው ሰው «ተሳካልኝ» ብሎ ገንዘቡን እንደ ትርፍ ቆጥሮ ለቤት ዕቃ ካዋለው፣ በቀጣዮቹ አርባ አምስት ሳምንታት ዕዳውን የሚከፍልለት ሱቁ ነው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የሚደርሰው ሰው በአንጻሩ ያጠራቀመውን ነው የሚወስደው። ዕቁቡ አንድ ሆኖ ሳለ ለአንዱ ብድር፣ ለሌላው ቁጠባ ይሆናልና የደረሳችሁ ዕለት የቀረውን ዕዳ በደብተራችሁ ጻፉት።

ወደ ተቋማት ብድር ስንመጣ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ወለዱ የሚሰላው በመጀመሪያው ብድር ላይ ነው ወይስ በየወሩ በሚቀረው ገንዘብ ላይ? ልዩነቱን በቁጥር እንየው። 100,000 ብር በ18 በመቶ ወለድ ለአንድ ዓመት ተበድራችሁ፣ በየወሩ እኩል የምትከፍሉ ከሆነና ወለዱ በመጀመሪያው ብድር ላይ ከታሰበ፣ የዓመቱ ወለድ 18,000 ብር፣ ወርሃዊው ክፍያ ደግሞ 9,833 ብር ገደማ ይሆናል። ወለዱ በቀሪው ላይ ከታሰበ ግን ወርሃዊው ክፍያ ወደ 9,168 ብር፣ ጠቅላላው ወለድም ወደ 10,000 ብር ይወርዳል። በመጀመሪያው ስሌት ከዋናው ብድር አብዛኛውን ከመለሳችሁ በኋላም በእጃችሁ ለሌለ ገንዘብ ወለድ ትከፍላላችሁ፤ 18 በመቶ የተባለው ወለድም በቀሪው ስሌት ሲለካ ከ31 በመቶ በላይ ይሆናል። ሁለቱም ውሎች ላይ «18 በመቶ» ተብሎ ሊጻፍ ስለሚችል፣ የመቶኛውን ቁጥር ብቻ አይቶ መፈረም አያዋጣም።

የስልክ ብድርም አለ። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሽን ባንክ ጋር በመሆን በቴሌብር ላይ «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉትን አገልግሎቶች ከጀመረ ወዲህ፣ ቢሮ ሳይረግጡና መያዣ ሳያስይዙ መበደር ለብዙዎች ቀላል ሆኗል። ለአጭር ጊዜ የዕቃ መግዣ ሲሆን ይጠቅማል፤ አንዱን የስልክ ብድር በሌላው መክፈል የጀመረ ሰው ግን ቆም ብሎ ደብተሩን ይመልከት። በነገራችን ላይ፣ የሱቁን ሽያጭ የምትቀበሉበትና የቤት ወጪ የምትከፍሉበት የስልክ ሂሳብ ቢለያይ፣ በየክፍያው የሚደርሳችሁ መልእክት ራሱ ግማሽ መዝገብ ይሆናችኋል።

አራጣን በተመለከተ ብዙ አልናገርም፤ በወንጀል ሕጋችን የሚያስቀጣ ድርጊት ነው፤ የገባበት ሰው ከሌሎች ዕዳዎቹ ሁሉ አስቀድሞ ከእሱ ለመውጣት ይጣር። ከዘመድና ከወዳጅ ስለሚወሰድ ብድር ግን አንድ የሕግ ነጥብ ላንሳ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2472፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ይደነግጋል። 500 ብር ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አምስት ሊትር ዘይት እንኳ አይገዛም። ስለዚህ በተግባር ማንኛውም ብድር በወረቀት መስፈር አለበት ማለት ነው። ስትከፍሉም መክፈላችሁን የሚያሳይ ፊርማ ተቀበሉ።

መዝገብ የሌለው ሰው ትርፉንም በትክክል አያውቀውም። የውጭ ምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዕቃ ዋጋ ሲንር ይህን በሚገባ አይተናል። በ2,000 ብር የተገዛ ካርቶን በ2,300 ብር ሲሸጥ 300 ብር የተተረፈ ይመስላል፤ ያው ካርቶን ዛሬ ከጅምላ ሻጩ ዘንድ 2,400 ብር ከገባ ግን፣ ባለሱቁ የሸጠውን ለመተካት 100 ብር ከኪሱ ይጨምራል። ብዙ ሱቆች «እየሸጡ» መደርደሪያቸው የሳሳው በዚህ ምክንያት ነው። የመግዣ ዋጋ በየግዢው ከነቀኑ ሲመዘገብ፣ መሸጫውን መቼ ማስተካከል እንደሚገባ ደብተሩ ያሳያል።

ስለ ግብር የምለው አጭር ነው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት በወጣ ጊዜ ብዙ ነጋዴዎች ግምቱ በዝቶብናል ብለው ሱቅ እስከ መዝጋት ደርሰው ነበር። ቅሬታቸው ተገቢ ይሁን አይሁን ዛሬ አልፈርድም። ነገር ግን ገማቹ «በቀን ይህን ያህል ትሸጣለህ» ሲል፣ «አይደለም፣ የምሸጠው ይኸውና» ብሎ ደብተር መዘርጋት የሚችል ነጋዴ የሚከራከርበት ማስረጃ አለው።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ሥራ ከሰኔ 30 የሚያልፍ አይደለም። በዚያን ዕለት ማታ ሱቁን ከዘጋችሁ በኋላ በመደርደሪያና በመጋዘን ያለውን ዕቃ በመግዣ ዋጋው ቁጠሩ፤ በመሳቢያ፣ በባንክና በስልክ ያለውን ገንዘብ ደምሩበት፤ የዱቤ ደብተሩን አይታችሁ ይከፈለኛል ብላችሁ ከልብ የምታምኑትን ብቻ ጨምሩበት። ከዚያም የብድሩን፣ የዕቁቡን፣ የአቅራቢዎችንና የቤት ኪራዩን ዕዳ ቀንሱ። የሚቀረው የንግዳችሁ እውነተኛ ካፒታል ነው፤ በሐምሌ 1 በአዲሱ ደብተር የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፍ። ደብተር ይዛችሁ የመጣችሁ ስላላችሁ፣ ከሻይ በኋላ በዚያኛው ጠረጴዛ ዘንድ እየተቀመጥን አንድ በአንድ እናየዋለን።

አመሰግናለሁ።