ዘጠኝ ገቢር፣ አንድ መሳሳም

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የፈረንጆቹ በዓል አልፏል፤ የእኛ ታኅሣሥ 29 ደግሞ አልደረሰም። አዘጋጆቹ በዚህ መሃል «ቀለል ያለ ነገር ተናገር» ስላሉኝ፣ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ በየቤታችሁ ቴሌቪዥን ሲመላለሱ ስለከረሙት የገና የፍቅር ፊልሞች ላወራችሁ ነው። «እኔ አላየሁም» የምትሉ ትኖራላችሁ። እሺ፣ አምኛለሁ።

ታሪኩን ልንገራችሁ፤ የትኛው ፊልም እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ። ልጅቷ ትልቅ ከተማ ትኖራለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ኒው ዮርክ ነው። ጥሩ ሥራ፣ ጥሩ ካፖርት፣ ከስልኩ ቀና የማይል እጮኛ አላት። በዓሉ ሲቃረብ አንድ ምክንያት ተገኝቶ ወደተወለደችበት ትንሽ ከተማ ትሄዳለች። እዚያ ዳማ ሸሚዝ የለበሰ ወንድ መንገድ ላይ ይጋጫትና ቡናው ካፖርቷ ላይ ይደፋል። ሰውየው አናጢ ነው፤ ካልሆነም የገና ዛፍ ሻጭ፤ እሱም ካልሆነ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት። ሚስቱ ሞታበታለች፤ ከዕድሜዋ በላይ የምትናገር ትንሽ ልጅ አለችው። ማረፊያው በዕዳ ሊሸጥ ነው። አብረው ብስኩት ይጋግራሉ፤ ዱቄት አፍንጫዋ ላይ ይቀራል። ሊሳሳሙ ሲሉ የምድጃው ደወል ይጮኻል። ከዚያ አንድ አለመግባባት ይመጣል፤ ሁለት ደቂቃ ቢነጋገሩ የሚፈታ ነው፣ ግን አይነጋገሩም። በዋዜማው ምሽት ይታረቃሉ፣ ይሳሳማሉ፣ ልክ በዚያች ሰከንድ በረዶ መውረድ ይጀምራል። አለቀ።

እንግዲህ ሁላችንም መጨረሻውን እያወቅን ለምን እንቀመጣለን? የተለመደው መልስ «የሚያየው ሰው ሞኝ ስለሆነ ነው» የሚል ነው። እኔ ቲያትር ተምሬ የመጣሁ ሰው ነኝና ለረጅም ጊዜ እንዲያ ስል ኖሬያለሁ። ዛሬ የምሟገተው በሌላ ወገን ቆሜ ነው፤ እነዚህ ፊልሞች ላይ ቅሬታ የለኝም ማለቴ ግን አይደለም።

ከባለቤቱ እንጀምር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ። የእነዚህ ፊልሞች ዋና አቅራቢ የሆነው የአሜሪካው ሆልማርክ ፊልም ሠሪ ከመሆኑ በፊት ካርድ ሻጭ ነው። ጆይስ ሆል የሚባል ወጣት በ1910 ካንሳስ ሲቲ ላይ ፖስትካርድ በመሸጥ ጀመረው። በ1951 የገና ዋዜማ ኩባንያው ወጪውን ሸፍኖ በኤንቢሲ ጣቢያ አንድ ኦፔራ አስተላለፈ፤ ጃን ካርሎ ሜኖቲ ለቴሌቪዥን ብሎ የደረሰው ነበር። ምርኩዝ ይዞ የሚሄድ የደሃ እረኛ ልጅ አለ፤ ኮከብ ተከትለው የሚጓዙ ሦስት ነገሥታት ከእናቱ ጎጆ ያድራሉ። የፍቅር ጥንድ የለበትም፣ ብስኩትም የለበትም። ዛሬ የምናውቀው የኬብል ጣቢያ የተከፈተው በ2001 ሲሆን፣ ወደ ገና የሚቆጥረውን የወቅት ፕሮግራም የጀመረው በ2009 ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አዳዲስ ፊልሞች በደርዘን እየተቆጠሩ ይወጣሉ።

ካርድ ሻጭ መሆኑን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ካርድ የሚልክ ሰው አዲስ ሐሳብ አይፈልግም። እኛ «እንኳን አደረሰህ» ስንባባል ማን «ይሄንንማ አምናም ብለኸኛል» ይላል? ቃሉ በመደጋገሙ ማንም አልተቀየመም፤ ሳይባል ሲቀር ነው ቅያሜው። እነዚህ ፊልሞችም የዓመት በዓል ሰላምታ ናቸው። ሰላምታን በአዲስነቱ የሚመዝን ሰው ሰላምታ የገባው አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሙያው ልግባ፤ እኔን የሚያስደስተኝ ይኼኛው ነው። የፊልሙ ሰዓት ከነማስታወቂያው ሁለት ሰዓት ነው። ማስታወቂያው ሲወጣ ታሪኩ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ስክሪፕቱ የሚጻፈው በዘጠኝ ገቢር፣ ማለትም በዘጠኝ የታሪክ ክፍል ነው። እኛ ሦስት፣ ቢበዛ አምስት ገቢር እየተባልን ነው የተማርነው፤ ዘጠኝ ከየት መጣ? ከማስታወቂያው ነው። የመጀመሪያው ገቢር ረዘም ይላል፤ ተመልካቹ ልጅቷን፣ ሰውየውንና ማረፊያውን ወድዶ ሳይጨርስ ረሞቱን እንዳያነሳ። ከዚያ በኋላ ያሉት አጫጭር ናቸው፤ እያንዳንዱም የሚያልቀው ትንሽ ጥያቄ አንጠልጥሎ ነው። የምድጃው ደወል የሚጮኸው ብስኩቱ ስለበሰለ እንዳይመስላችሁ። የሳሙና ማስታወቂያው ሰዓት ስለደረሰ ነው።

ይህን እንደ ስድብ አትውሰዱት። ሸክስፒርም ለከፋይ ነው የጻፈው። ጸሐፊዎቹ ተመልካቻቸው ዓይኑን ተክሎ እንደማይቀመጥ ያውቃሉ፤ ስጦታ ይጠቀልላል፣ ሽንኩርት ይከትፋል፣ ልብስ ይተኩሳል፣ በር ተንኳኩቶ ይነሳል። አሥር ደቂቃ ጠፍቶ ሲመለስ ታሪኩ የት እንደደረሰ ወዲያው የሚገባው ፊልም መጻፍ ቀላል መስሎ የሚታየው ሞክሮ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ቀረጻውም እንዲሁ በጥድፊያ ነው፤ ሦስት ሳምንት ያህል ቢሰጠው ነው። «ቨርሞንት» በሚባለው የአሜሪካ ግዛት ያለ ተብሎ የሚታየን ከተማ ብዙ ጊዜ ካናዳ ውስጥ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ወይም ኦንታሪዮ ነው። የካናዳ መንግሥታት ለፊልም የግብር ማበረታቻ ይሰጣሉ፤ ገንዘባቸውም ከአሜሪካው ዶላር ይረክሳል። ለበዓሉ እንዲደርስ ብዙው የሚቀረጸው በበጋቸው፣ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ነው። ተዋናዮቹ በዚያ ሙቀት ሹራብና ካፖርት ደርበው «ብርዱ እኮ ከበደ» ይባባላሉ። በረዶው አረፋ ነው፣ የተከተፈ ወረቀት ነው፣ ሣር ላይ የተነጠፈ ነጭ ጨርቅ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስታዩ ከኋላቸው ያለውን ዛፍ ተመልከቱ፤ ቅጠሉ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ሲነጋገሩም ከአፋቸው እንፋሎት አይወጣም። ባለቤቴ ይህን ስነግራት «አንተ ጋር ፊልም አይታይም» ብላ ክፍል ቀይራለች።

እዚህ አገር እንደመጣሁ፣ እንደ ብዙዎቻችሁ፣ የሠራሁት አረጋውያንን በመንከባከብ ነበር። አንዲት አሜሪካዊት እናት ነበሩ፤ ስማቸው ይቆይ። ማታ ማታ ይህን ጣቢያ ከፍተን እንቀመጥ ነበር። የማስታወስ ችሎታቸው ደክሞ ምሳ መብላታቸውን አያውቁም። ፊልሙ መሃል ላይ ያንቀላፉና ሲነቁ ስክሪኑን አየት አድርገው «አሁን ይጣላሉ» ይሉኛል። ይጣሉ ነበር። ቀኑን ሁሉ ሌላ ሰው «ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ልጅሽ የመጣችው ትናንት ነው» እያለ የሚያርማቸው ሰው፣ በዚያ ሰዓት እኔን ያስተምሩኝ ነበር። ቀመር ለሰነፍ ጸሐፊ ብቻ ይጠቅማል የሚል ሰው ሲገጥመኝ እኒህን እናት ነው የማስበው።

ጃኒስ ራድዌይ የምትባል አሜሪካዊት ምሁር በ1984 ባሳተመችው ጥናት፣ በአንዲት የመካከለኛው ምዕራብ ከተማ የሚኖሩ የፍቅር ልብ ወለድ አንባቢ ሴቶችን አነጋግራለች። አብዛኞቹ ባለትዳርና እናቶች ናቸው። ከአንድ ታሪክ ከሁሉ በላይ የሚፈልጉትን ስትጠይቃቸው ያስቀደሙት ደስ የሚል መጨረሻን ነው። ከመልሶቻቸው ሁሉ የእኔን ልብ የያዘው ግን ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ ሌላውን ሲንከባከቡ ይውላሉ፤ መጽሐፉን ሲከፍቱ ለቤቱ ሁሉ «አሁን የራሴ ሰዓት ነው» ማለታቸው ነው። አጥንት የሚሰብር ሽፍት ወጥታችሁ ሶፋ ላይ ስትወድቁ ማን እንደሚሞት የማይታወቅበት ድራማ መጀመር ትችላላችሁ? እኔ አልችልም። ከአገር ቤት በየዕለቱ የሚመጣው ዜና ራሱ በቂ ልብ ሰቀላ አለው።

ቅሬታዬን ደግሞ ስሙኝ። ቻርልስ ዲከንስ የስክሩጅን ታሪክ ያሳተመው በ1843 ነው። ልቡ የደነደነ ሰው በአንድ የገና ሌሊት ይለወጣል፤ የዛሬዎቹ ፊልሞች ሁሉ የዚያ ታሪክ የልጅ ልጆች ናቸው። ሆኖም ስክሩጅ አሁን ማን ሆነ? ላፕቶፕ የያዘች ሴት። ስክሩጅ ሲለወጥ ያደረገው የሠራተኛውን ደመወዝ መጨመር ነበር። ይህቺ ሴት ስትለወጥ የከተማ ሥራዋን ትታ ደመወዟን ትጥላለች። ከሀብታም አሠሪ ይጠየቅ የነበረው ንስሐ ተቀጣሪዋ ላይ ዞረ፤ ጥፋቷም በርትታ መሥራቷ ሆነ። ፊልሞቹ ውስጥ ስለ ቤት ኪራይ የሚያነሳ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የጤና ኢንሹራንሷስ ምን ሆነ? በ1945 «ገና በኮኔቲከት» የሚል ፊልም ነበር፤ አንዲት የመጽሔት ጸሐፊ የገጠር ቤትና ወጥ ቤት ያላት አስመስላ ትጽፋለች፣ ምግብ መሥራት ግን አታውቅም። ያ ፊልም በዚህ ውሸት ይስቃል። በነገራችን ላይ በ1992 ለቴሌቪዥን እንደገና ሲሠራ ዳይሬክተሩ አርኖልድ ሽዋርዜኔገር ነበር፤ አዎ፣ ያው ጡንቸኛው። የዛሬዎቹ ግን በገጠሩ ቤት አይስቁም፤ አምነውበታል።

መጨረሻው የታወቀ ነው ማለት ጠብ የለበትም ማለት አይደለም። ጠቡ መጨረሻው ውስጥ ማን ይግባ የሚል ነው። ለብዙ ዓመታት ጥቁር ሰው በእነዚህ ፊልሞች የጀግናዋ ጓደኛ ሆኖ ምክር ሰጥቶ ይጠፋ ነበር፤ አሁን አሁን ተቀይሯል። በ2019 ዲሴምበር ደግሞ የሆልማርክ ጣቢያ ሁለት ሴት ሙሽሮች የሚሳሳሙበትን የሠርግ ድረ ገጽ ማስታወቂያ አወረደ፤ ተቃውሞ ሲነሳ በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠይቆ ውሳኔውን ሻረ። በሚቀጥለው ወር ዋና ሥራ አስኪያጁ ቢል አቦት ለቀቁ፤ በ2021 ሌላ ተፎካካሪ ጣቢያ ይዘው ብቅ አሉ። በዚህ ጉዳይ እዚህ አዳራሽ ያለውን ስሜት አውቃለሁ፤ ክርክሩን ለመክፈት አልመጣሁም። የሚገርመኝ፣ ሁለቱ ጣቢያዎች የተለያዩት በመጨረሻው ፍሬም፣ ማን ከማን ይሳሳም በሚለው ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ማረፊያው፣ ዱቄቱ፣ የምድጃው ደወል፣ በሁለቱም ቤት አንድ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ከመካከላችሁ ለዩቲዩብ ድራማ የምትጽፉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ይህ ለእናንተ ነው። ይህን ቀመር ወደ እኛ ላምጣው ብትሉ፣ ልጅቷ ደሴ ተወልዳ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች እንበል። ለገና አገር ቤት ትገባለች። አናጢውም አለ፤ ቡናውም ይደፋል። ብስኩቱን ግን አትቀምስም፤ የነቢያት ጾም ላይ ናት፣ ብስኩቱ ደግሞ ቅቤና እንቁላል አለው። ይህ ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ ከሰባተኛው ገቢር በኋላ ይመጣል። የአሜሪካዋ ልጅ ሥራዋን ትታ ስትመለስ ቤቱ ይድናል። የእኛዋ ሥራዋን ትታ ከተመለሰች ቤቱ ይፈርሳል። የእናቷ የደም ግፊት መድኃኒት፣ የወንድሟ የኮሌጅ ክፍያ፣ ያ የተቀየረው ጣሪያ፣ ሁሉም የቆመው እርሷ እዚህ የሌሊት ሽፍት በመግባቷ ነው። አናጢውም ቢሆን ዓይን ዓይኗን እያየ የሚጠይቃት ጥያቄ አለው፦ «የአሜሪካ ፕሮሰሱ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አያችሁ፣ አለመግባባቱ በሁለት ደቂቃ ንግግር የሚፈታ አይደለም። እውነተኛ ነው።

ዘጠነኛው ገቢርም ራስ ያዞራል። በዋዜማው ሌሊት በረዶ የለም፤ ሁለቱም ቅዳሴ ላይ ናቸው፣ እርሷ በሴቶች በኩል፣ እርሱ በወንዶች በኩል። በመካከላቸው ሕዝብ አለ፣ የሰፈሩ እናቶች አሉ። መሳሳም የሚባል ነገር አይታሰብም። እንግዲህ መጨረሻውን ሳታበላሹ፣ ተመልካቹን ሳታሳዝኑ፣ የልጅቷን ደመወዝም ሳትነጥቋት ከዚህ እንዴት ትወጣላችሁ? እኔ አልቻልኩበትም። ጽፎ የጨረሰ ሰው ያምጣልኝ፣ አነብለታለሁ። የስምንት ማስታወቂያ ቦታ ግን ክፍት ተዉ፤ የዚህ ሰፈር ምግብ ቤቶችና ገንዘብ ላኪዎች ይከፍሉበታል።

አመሰግናለሁ።