ቦምቡ የት እንዳለ ማን ያውቃል?

ውድ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ እንግዶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅኩት ስለ ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች መክፈቻ ነው። በዚህ ሴሚስተር እያንዳንዱ ቡድን የሁለት ደቂቃ የትሪለር መክፈቻ ይሠራል። ሁለት ደቂቃ ትንሽ ይመስላል። ኤዲቲንግ ላይ ስትቀመጡ ግን አልሞላ ይላችኋል።

የተማሪ ትሪለር አብዛኛውን ጊዜ እንዴት እንደሚጀምር ታውቃላችሁ። አላርም ይጮኻል። ልጁ ይነቃል። ፊቱን ይታጠባል፣ መስታወት ላይ ያፈጣል። ወይም ደግሞ ኮፍያ ያለው ሹራብ የለበሰ ሰውዬ በጨለማ ኮሪደር ይሄዳል፤ ሙዚቃው «ዱም፣ ዱም» ይላል። ማን ነው? ወዴት ነው? አይታወቅም። ዳይሬክተሩን ስትጠይቁት «ሚስጥር እንዲሆን ፈልጌ ነው» ይላችኋል። ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ቀሽም ነው። ምንም የማያውቅ ተመልካች ግራ ይጋባል እንጂ አይፈራም። ትንሽ ቆይቶ ስልኩን ያወጣል።

ሰው የሚጨነቀው አንድ ነገር ሲያውቅ ነው። የትሪለር ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ በ1962 ከፈረንሳዩ ዳይሬክተር ፍራንሷ ትሩፎ ጋር ሲነጋገር ይህን በደንብ አስረድቶታል። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ ነው። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ያወራሉ እንበል። ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ሳያውቅ ከፈነዳ የ15 ሰከንድ ድንጋጤ አገኛችሁ። ቦምቡ ሲቀመጥ ካየ ግን ያው ተራ ወሬ ለ15 ደቂቃ ያስጨንቀዋል።

ይህን በተግባር ማየት የሚፈልግ በ1958 የወጣውን የኦርሰን ዌልስን «ተች ኦፍ ኢቭል» ይክፈት። መጀመሪያ የምናየው ሁለት እጆች የቦምብ ሰዓት ሲሞሉ ነው። ሰውየው ቦምቡን መኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ ጥሎ ይሮጣል። ባለመኪናው ከአንዲት ሴት ጋር ገብቶ ሞተር ያስነሳል። ከዚያ ካሜራው ከሦስት ደቂቃ በላይ አንዴም ሳይቆረጥ ይከተላቸዋል። መንገድ ይዘጋባቸዋል፣ ይቆማሉ፣ ይሄዳሉ። አዲስ የተጋቡ ጥንዶች በእግራቸው አጠገቡ ይሄዳሉ፤ አንዴ መኪናው ይቀድማቸዋል፣ አንዴ እነሱ። የሜክሲኮና የአሜሪካ ድንበር ኬላ ላይ ሲደርሱ መኪናው ውስጥ ያለችው ሴት ጭንቅላቴ ውስጥ የሰዓት ድምፅ ይሰማኛል ትላለች። ማን ይስማት!

ተማሪ ይህን ሲያይ የሚያደንቀው ረጅሙን ሾት፣ ማለትም ሳይቆረጥ የተቀረጸውን ምስል ነው። እሱ ካሜራ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ክሬን ይፈልጋል፤ ክሬን ደግሞ የለንም። እኔ የምመክራችሁ ድምፁን እንድትሰሙ ነው። ስቱዲዮው ይህን ትዕይንት ሲያወጣው የሠሪዎቹን ስም ዝርዝርና የሄንሪ ማንቺኒን ሙዚቃ ጭኖበት ነበር። ዌልስ በፊልሙ አቆራረጥ ቅር ብሎት 58 ገጽ ማስታወሻ ጻፈ። በ1998 የፊልምና የድምፅ ኤዲተሩ ዋልተር መርች በዚያ ማስታወሻ መሠረት ፊልሙን እንደገና ሲያስተካክል ጽሑፉን አነሳው፤ በሙዚቃው ፈንታም ከየመጠጥ ቤቱና ከመኪናው ሬዲዮ የሚወጣውን ድምፅ አስገባ። አሁን መኪናው ከዕይታ ሲጠፋም የት እንዳለ በጆሯችሁ ታውቃላችሁ። ሬዲዮው ቀረበ ማለት ቦምቡ ቀረበ ማለት ነው። ሁለቱን ቅጂዎች ተከታትላችሁ እዩዋቸው። የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ይወጣቸዋል።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን የፍሪትዝ ላንግን «ኤም» ነው። የ1931 ፊልም፣ የላንግም የመጀመሪያ ባለድምፅ ሥራ። ከተማዋ በርሊን ናት። ሕፃናት ግቢ ውስጥ ክብ ሠርተው ስለ ገዳይ ይዘፍናሉ። አንዲት እናት ልብስ ታጥባለች። ሰዓቱ ስድስት ሲመታ ፈገግ ትላለች፤ ልጇ ኤልሲ ከትምህርት ቤት የምትመጣበት ሰዓት ነው። ምሳ ታዘጋጃለች፣ ሳህን ታቀርባለች። ኤልሲ መንገድ ላይ ኳሷን ማስታወቂያ የተለጠፈበት ዓምድ ላይ እያነጠረች ትጫወታለች። ማስታወቂያው ስለ ሕፃናት ገዳይ ነው። ድንገት ጥላ ያርፍበታል። አንድ ድምፅ «እንዴት የምታምር ኳስ ነች!» ይላል።

ከዚህ በኋላ እናትየው ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማች ቁጥር ትወጣለች። የሌላ ሰው ልጆች ናቸው። በር ይንኳኳል። መጽሔት አዳይ ነው። «ኤልሲ!» እያለች ትጣራለች። ምስሉ ባዶውን ደረጃ፣ ባዶውን የልብስ ማስጫ፣ ባዶውን ወንበርና ሳህን ያሳየናል። በመጨረሻ ኳሱ ከቁጥቋጦ ሥር ተንከባሎ ይወጣል። ሰውየው የገዛላት ፊኛ የስልክ ሽቦ ላይ ተይዛለች። ደም የለም፣ ቢላ የለም። እስቲ ወጪውን አስሉት፦ ሳህን፣ ኳስ፣ ፊኛ። ይኼን የማይችል ቡድን እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ?

ወደኛ ሰፈር እናምጣው። አንድ እጅ ከበር ምንጣፍ ሥር የኮንዶሚኒየም ቁልፍ ያነሳል። ሰውዬው ይገባል፣ ከውስጥ ይቆልፋል። ካት። አንዲት ልጅ ፌስታል ይዛ ደረጃ ትወጣለች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጎረቤቷ ቡና ያፈላሉ። «ነይ ልጄ፣ አቦሉ ደርሷል» ይሏታል። «አይ እትዬ፣ መሽቶብኛል፣ ልሂድ» ትላለች። ተመልካቹ በሆዱ «ኧረ ጠጪ!» ይላል። ትቀመጣለች። እፎይ። አንድ ስኒ ጠጥታ ልትነሳ ስትል «ቶናውን ሳትጠጪ?» ይሏታል። በየቀኑ የምንሰማው የቡና ግብዣ ነው፤ ላይኛው ፎቅ ማን እንዳለ ስለምናውቅ ግን ያስጨንቀናል። ይህን ሐሳብ የፈለገ ይውሰደው፣ በነጻ ነው።

አሁን ስለ አጠናኑ። አንድ መክፈቻ ምረጡ። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት፤ ቀጥሎ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ስሙት። ከዚያ ወረቀት ላይ እያንዳንዱን ሾት በተራ ጻፉ፦ ስንት ሰከንድ ቆየ፣ ተመልካቹ ምን አዲስ ነገር አወቀ፣ ገጸ ባሕሪው ምን አላወቀም። ተመልካቹና ገጸ ባሕሪው የሚያውቁት እኩል የሆነበት ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ጭንቀቱ ሞቷል። የራሳችሁንም ስክሪፕት በዚሁ ወረቀት ፈትኑት። ሾቱ ምንም አዲስ ነገር ካላሳወቀ ቆንጆ ቢሆንም ጣሉት። የድሮን ሾት ያላችሁ፣ እናንተንም ነው የማወራው።

ስለ ቀረጻው በአጭሩ። በስልክ መቅረጽ ይቻላል፤ በስልክ ማይክ ከሩቅ ንግግር መቅዳት ግን አያዋጣም። ማይኩን ወደ ሰው አስጠጉ። ከየክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት ሁሉም ዝም ብሎ ግማሽ ደቂቃ የክፍሉን ድምፅ ቅዱ፤ ኤዲቲንግ ላይ ታመሰግኑኛላችሁ። ጨለማን በጨለማ አትቅረጹ፤ አንድ መብራት አስቀምጡና ጥላውን ተጠቀሙበት። ውጭ ለመቅረጽ የትብብር ደብዳቤ ቀድማችሁ አውጡ፣ ለሰፈሩም ሰው ተናገሩ። የመጫወቻ ሽጉጥ ይዞ መንገድ ላይ መውጣትማ በፍጹም። የሚያየው ሰው ፊልም መሆኑን በምን ያውቃል? ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

መጀመሪያ ወረቀቱን ለመምህራችሁ አሳዩ፣ ከዚያ ስቶሪቦርዱን፣ ማለትም ሾቶቹን በተራ በሥዕል የሚያሳየውን። ካሜራ የምትበደሩት ከዚያ በኋላ ነው። ጥያቄ ላለው ሰው እዚሁ እቆያለሁ።

አመሰግናለሁ።