ጥቁር ድንጋይ፣ ቀይ አፈር

ሰሚራ፦ አድማጮች፣ ዳዊት ዛሬ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቷል። እኔ ቡና አፍልቼ ስጠብቀው!

ዳዊት፦ ቡናውንም እንጠጣለን። ይሄ ግቢያችን ውስጥ የሽንት ቤት ጉድጓድ ስናስቆፍር የወጣ ነው። ያው ጥቁር ድንጋይ የምንለው፣ ባዛልት፤ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ አለት ደርቆ የሚሆነው። እስቲ ያዢው።

ሰሚራ፦ ውይ! ለትልቀቱ ይከብዳል።

ዳዊት፦ ብረትና ማግኒዚየም በዝቶበት ነዋ። እንዲህ ጥቅጥቅ ያለው ከእኩል መጠን ውሃ ወደ 3 እጥፍ ገደማ ይመዝናል። አሁን የተሰበረውን ጎን እዪው። ምን ይታይሻል?

ሰሚራ፦ ምንም፤ ጥቁር ብቻ። ቆይ፣ እዚህ ጋ አረንጓዴ ነገር አለች። የሰሊጥ ፍሬ ታክላለች።

ዳዊት፦ ኦሊቪን የምትባል ማዕድን ናት። እሷ ቅልጥ አለቱ ገና ከመሬት በታች እያለ ነው ያደገችው። ሌሎቹ ማዕድናት ግን አልደረሱም። ቅልጥ አለቱ ከ1,100 እስከ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ይወጣና ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ፍሬዎቹ ሳያድጉ ይደርቃል። በማይክሮስኮፕ ካልሆነ አይለዩም። ያው ቅልጥ አለት እዚያው ታች ቀስ ብሎ ቢቀዘቅዝ ግን ጋብሮ የሚባል ሌላ አለት ይሆናል፤ ፍሬዎቹ በዓይን ይታያሉ።

ሰሚራ፦ እንደ ማር በለኛ! ቶሎ የረጋው ልስልስ ነው፤ ቀስ ብሎ የረጋው እንደ ስኳር ይንኮሻኮሻል።

ዳዊት፦ ከኔ ማብራሪያ ያንቺ ማር ይሻላል።

ሰሚራ፦ የአያቴ ወፍጮ ግን ቀዳዳ በቀዳዳ ነበር። ያም ጥቁር ድንጋይ ነው።

ዳዊት፦ ቀዳዳው የጋዝ አረፋ ነው። አለቱ ሲደርቅ አረፋው ውስጡ ይቀራል። ለወፍጮ የሚመረጠውም ለዚህ ነው፤ ላዩ ሲያልቅ ከሥሩ ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ጠርዙ እህሉን ይይዘዋል።

ሰሚራ፦ ወላሂ፣ እሷ ግን እንደዚያም ሆኖ ታስወቅረው ነበር። መጁ ሲንሸራተት ድምፁን ሰምታ ታውቃለች። ከተወቀረ በኋላ የመጀመሪያው ዱቄት ለሰው አይሰጥም፤ አሸዋ አለው።

ዳዊት፦ አሁን ዋናውን ላሳይሽ። ጉድጓዱ 3 ሜትር ድረስ ቀይ አፈር ብቻ ነበር። ከዚያ ዶማው ጓ! አለ። ድንጋዩ ዳር ዳሩን ይሄ ቡናማ ቅርፊት ይታይሻል? በጥፍርሽ ፋቂው።

ሰሚራ፦ ይፈረፈራል! እጄን አቀላው።

ዳዊት፦ ዝናቡ ብረቱን አዝጎት ነው። የደጋው አገራችን ባዛልት አብዛኛው የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው፤ ለመበስበስ ጊዜ አላነሰውም።

ሰሚራ፦ ስለዚህ ክረምት ክረምት ጫማዬን የሚያበላሸው የጅማ ጭቃ…

ዳዊት፦ እሱ ራሱ ነው። ቡናውም እሱ ላይ ነው የበቀለው።

ሰሚራ፦ እንግዲያ ቡናው ሳይቀዘቅዝ። ድንጋዩን ትተህልኝ ትሄዳለህ?

ዳዊት፦ አይሆንም፤ እናቴ ለበር መደገፊያ ይዛዋለች። ሰርቄ ነው ያመጣሁት።