«ሥራ» በሚለው ፊት

የካቲት 29 ቀን 2018 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም በተከበረው የሴቶች ቀን ከአንዲት ገበሬ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከወረዳም ከዞንም የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ? አገራችንን ሰላም ያድርግልን።

«ስለ ሴቶች ተሳትፎ ተናገሪ» ተብዬ ነው የቆምኩት። ቃሉ የእኔ ነው፣ ወረቀት ላይ ያሰፈረችልኝ ልጄ ናት። ስለ ተሳትፎ ግን ብዙ አልልም። ስለዚህች መታወቂያ ነው የምናገረው።

ስሜ አለባት፣ ዕድሜዬ አለባት፣ ፎቶዬም አለባት። «ሥራ» በሚለው ፊት «የቤት እመቤት» ይላል። የጻፈልኝ ልጅ አልጠየቀኝም። ቀና ብሎ አየኝና ጻፈ። ከእኔ በፊት ተሰልፎ ለነበረው ጎረምሳ ግን «አርሶ አደር» ብሎ ጽፎለታል። ያ ጎረምሳ ገና የራሱ ጥማድ የለውም፤ ባለፈው ክረምት በቀን ሥራ የእኔን ጤፍ ያረመ ልጅ ነው።

ቤት መያዝ ነውር ነው አላልኩም። ቤቱንም የያዝኩት እኔ ነኝ። ግን እስቲ ጤፉን እንከተለው። ጤፍ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል፤ እርሻው የወንድ ነው ተባለ፣ ይሁን። ሐምሌ ላይ ከብት እየነዳን ማሳውን የምናስረግጠው እነማን ነን? ነሐሴና መስከረም በጉልበቷ ጭቃ ውስጥ የምትሄደው ማን ናት? ሙጃና ጤፍ ቡቃያ ሳሉ ይመሳሰላሉ፤ ሥሩ ድረስ ጣትሽን ሰደሽ ካልለየሽ ጤፉን ነቅለሽ ሙጃውን ትተሽ ትሄጃለሽ። ልጅ አዝዬ እንዲያ አርሜያለሁ። አውድማውን እስከ ክርኔ እበት ገብቼ የለቀለቅሁት እኔ ነበርኩ፤ ውቂያው ሲጀመር ግን «ሴት አትግባ፣ በረከት ይነሳል» ተብዬ ዳር ቆሜያለሁ። እህሉ የሚገባበትን ጎታ ከጭቃና ከጭድ አቡክቼ የሠራሁትም፣ ለከርሞ ዘሩን መርጬ ያስቀመጥሁትም እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ የሠራ ወንድ ቢሆን ምን ትሉት ነበር?

ባለቤቴ በ2003 ዓ.ም. አረፈ፣ ነፍሱን ይማር። የታሪኬን ግማሽ ታውቁታላችሁ። አራት ቃዳ፣ አንድ ሄክታር ያህል፣ መሬት ይዤ ለእኩል አራሽ ሰጠሁ። እኩል አራሽ መጀመሪያ የራሱን ያርሳል፤ ማንም ቢሆን የራሱን ያስቀድማል፣ አልፈርድበትም። የእኔ ማሳ ተራው ሲደርስ ዝናቡ ገፍቷል፣ እርሻውም ከሁለት አይበልጥም። ከሳሳው አዝመራ ደግሞ ግማሹ የእሱ ነው። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት በሬዎቹን ራሴ ጠመድኩ። ሰው እንዳያየኝ ገና ሳይነጋ ነበር። ማረሻው አንዴ ይሰምጣል፣ አንዴ አፈሩን ለቅቆ ይወጣል፤ ግራው በሬ ደግሞ የባለቤቴን ድምፅ ለምዷል፣ በእኔ ድምፅ አልሄድ አለ። እያለቀስኩ ሦስት ፈር አወጣሁ። ሲነጋ ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ወንድም፣ መጣና እርፉን ከእጄ ነጠቀኝ። ማታ ሽማግሌዎች መጡ፤ «ሴት እርፍ ከጨበጠች ዝናብ ይቀርብናል» አሉኝ። እኔም «ልጆቼ እንጀራ እየቀረባቸው ነው» አልኳቸው። በማግሥቱ በሬዎቹን ጠመድኩ፣ ያን ጊዜ ግን በጠራራ ፀሐይ ነበር። ዝናቡም አልቀረም። በታኅሣሥ እህሉ ለሁለት ሳይከፈል ጎታዬ ገባ። ዋርሳዬ አሁን እዚህ መካከላችሁ ተቀምጧል፣ ታርቀናል። ልጄን እርሻ ያስተማራት እሱ ነው፤ ስላስተማራትም አመሰግነዋለሁ።

«አንዲት ቃል ምን ታደርግልሻለች?» የሚለኝ አለ። እኔ ጽሑፍ የሚያደርገውን አይቻለሁ። «መሬት ላራሹ» ሲባል፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ጾታ ሳይለይ መሬት እንዲሰጥ ያዝዝ ነበር። ክፍፍሉ ግን በአባወራ ሆነ፤ የእናቴ ስም አባቴ በሕይወት እያለ መዝገብ ላይ አልወጣም። «አራሹ» ሲባል ሁሉም ወንድ መሰለው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን የመሬት ደብተር ሲሰጥ ነው የሚስትም ስም ከባል ጋር የተጻፈው። የእህቴን ነጠላ ተውሼ ፎቶ ተነሳሁ፤ ከባለቤቴ ጎን ለጎን ተለጠፈ። እሱ ሲሞት «መሬቱ ወደ ዘመድ ይመለስ» ያሉ ነበሩ። ደብተሩን ከሣጥን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፣ አፋቸውን ያዙ። ያች ጽሑፍ ባትኖር ዛሬ የሰው ቤት ውስጥ እንጀራ ጋጋሪ ነበርኩ!

ይችም ጽሑፍ እንደዚያው ናት። ሥልጠና ሲመጣ የሚጠራው «አርሶ አደሩ» ነው። ምርጥ ዘር ሲመጣ ዝርዝሩ ከዚያው ይወጣል። በሰኔ ለማዳበሪያ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ «ባልሽን ላኪው» የተባልኩት እኔ ነኝ። ሪፖርት ሲጻፍ ደግሞ «ሴቶች በግብርናው ያግዛሉ» ይባላል። እኔ ማንን ነው የማግዘው? ባለቤቴ ካረፈ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው! በሕይወት እያለስ ቢሆን እኔ እሱን ካገዝኩ እሱስ እኔን አላገዘኝም? የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይህን የፈረንጆች 2026 ዓመት የሴት ገበሬዎች ዓመት ብሎ ሰይሞታል። ኒውዮርክ ያለ ጉባኤ ገበሬ ያለኝን፣ ማሳዬን በመስኮቱ የሚያይ ቀበሌዬ እንዴት ገበሬ አይለኝም?

ሌላም የምለው ነበረኝ። የእኩል አራሽ ውል በቃል መሆኑ ቀርቶ ይጻፍ፤ እርሻው ስንት ጊዜ እንደሚሆንም ይጻፍበት። የልማት ሠራተኞቻችንም ስትመጡ እንጀራ በምንጋግርበት ሰዓት አትምጡ፤ ከመጣችሁም ባልን አስጠርታችሁ አትመለሱ።

መታወቂያዬ ጊዜው አልፎበታል። ነገ ሰኞ ነው፤ አዲስ ፎቶ ተነስቼ በጠዋት እሄዳለሁ። ልጁ ቀና ብሎ አይቶኝ መጻፍ ሲጀምር እጁን እይዘዋለሁ። እናንተም እህቶቼ የእናንተን ይዛችሁ ኑ፤ ወረፋው ላይ አብረን እንቁም።